አልወሰንንም ያለው ሰፈር

ባለፈው ቅዳሜ መቱ ገበያ፣ ከቦንዳ ልብስ ሻጮቹ ወረድ ብሎ፣ አንድ ጎረምሳ አዲስ የዝናብ ልብስ ከካርቶን እያወጣ ሲያራግፍ የላስቲኩ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ቲማቲሜን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «እናቴ፣ ልለካልዎት?» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። እኔ ያን ሰዓት ገበያ ውስጥ አልነበርኩም። ያኔ ተከራይተን በምንኖርባት ቤት በር ላይ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ልጄ ለሊሴ ከጉልበቷ በታች የሚወርድ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሳ «እማዬ፣ ትራፊክ አልመስልም?» እያለች እየዞረች ታሳየኛለች። ልብሱ እንዲህ ነበር የሚሸተው። የመጀመሪያ ሥራዋ የሰጣት ልብስ ነው። ያንን ሥራ ያበላሸሁባት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ወላጅ እናቷ፤ ይኼን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ይቅር ካለችኝማ ስንት ዘመን ሆነ። እኔ ግን ላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር እንደገና ይቆጠቁጠኛል።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። እኔ ዓመት የምቆጥረው በልጆቼ ነው። ለሊሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት የተቀመጠችበት፣ ታናሿ ገና ጥርሱን የሚነቅልበት ጊዜ ነበር። ባጃጅ መቱ መግባቱ ነው፤ ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ፣ አሮጊቶች ደግሞ «ይኼ ነገር በሦስት እግሩ ዳገቱን ሊወጣ?» እያሉ ያማትባሉ። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ገባ ተብሎ ሰው እንደ ኀዘን ሲያወራው ትዝ ይለኛል። አሁን በሃምሳ ሳንቲም ምን ይገኛል? ሳንቲሙ ራሱ የት ገባ? ሴቶቹ ልጆች ከታች እንደ ደወል የሰፋ ጂንስ ይለብሳሉ፤ ጭቃ ሲሆን ጫፉ ይጎተትና እናቶች በአጠባው እንሰቃያለን። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው ማዕዘን ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ጠዋት የኦሮምኛ የፍቅር ዘፈን፣ ወደ ማታ የአማርኛ ያረጀ ዘፈን ይከፍታል። እኔ ከዚያ በር ፊት ለፊት ጎመንና ቃሪያ ዘርግቼ እሸጥ ስለነበር ሁሉንም ዘፈን በቃሌ እችለው ነበር። የምርጫ ቅስቀሳ መኪና ድምፅ ማጉያውን እያስጮኸ ሲመጣ ባለ ካሴት ቤቱ ሙዚቃውን ይቀንሳል። የአንዱ መኪና ሲያልፍም ይቀንሳል፣ የሌላው ሲያልፍም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ያ ሰውዬ በልቡ ምን እንዳለ በዚያ እንኳ ማወቅ አልተቻለም። መቱ ያኔ እንደዚያ ነበረች።

ምርጫው ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ከአዲስ አበባ ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች መጡ። ኃላፊያቸው ሳምሶን የሚባል መነጽር ያለው ልጅ ነው፤ ከለሊሴ ብዙም አይበልጣትም፣ ግን ሲናገር ረጋ ያለ ነበር። አማርኛም ኦሮምኛም አጥርተው የሚናገሩ፣ የእጅ ጽሑፋቸው የሚነበብ ልጆች ይፈልጋል። ለሊሴ ተመረጠች። ሥራው ምን እንደሆነ ማታ ማታ ታስረዳኝ ነበር። «እማዬ፣ ምርጫው ሳይደርስ ሰው ወዴት እንዳዘነበለ ቀድሞ ማወቅ ነው። ቤት እየቆጠርን አንዱን በር እናንኳኳለን፣ ጥቂቶቹን እንዘላለን፣ ደግሞ አንዱን እናንኳኳለን። ስም አንጽፍም። ሰውየውን ለብቻው አድርገን ማንን ሊመርጥ እንዳሰበ እንጠይቀዋለን፣ ያለውን እንጽፋለን። በቃ።» ሥራዋን በደንብ ከሠራች በሁለተኛው ዙር እስከ ጎሬና በደሌ ይወስዷታል፤ ከዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ቢሮ ሊያስቀሯት ይችላሉ ተብላለች።

እኔ የሰማሁት «ማንን ልትመርጥ ነው ብለን እንጠይቃለን» የሚለውን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከጆሮዬ ውጭ ቀረ።

ፈሪ ነኝ። ፍርሃቴ ግን ከሜዳ አልመጣም። ወንድሜ፣ ከዚያ በፊት በነበረ በሌላ ዘመን፣ ስብሰባ ላይ «አስተያየት ያለው» ሲባል እጁን አውጥቶ ተናገረ። ስለ ቧንቧ ውሃ ነበር የተናገረው፣ ሰው የሚያስቀይም ነገር አልነበረበትም። አጨበጨቡለት፤ ስሙንም ጻፉ። ከዚያ ክረምቱ እስኪያልፍ የት እንዳለ አላወቅንም። ተመልሶ መጥቷል፣ ተመስገን፤ ግን ከዚያ ወዲያ «ሻይ ይሁን ቡና?» ሲሉት እንኳ «ያላችሁት ይሁን» ነበር መልሱ። እና ልጄ የሰፈሩን ሰው የልብ ምስጢር በቦርሳ ይዛ ልትዞር መሆኑን ስሰማ ምን ልሁን? ዛሬ ወረቀቱን ትሰጣለች፤ ነገ አንድ ሰው በሯን አንኳኩቶ «እትዬ እገሌ ማንን እመርጣለሁ አለችሽ?» ቢላትስ? የማታውቀውን ነገር ማንም አይጠይቃትም ብዬ አሰብኩ። የማታውቅ ከሆነች ትተርፋለች።

የእኛን ሰፈር ልትጠይቅ በዋዜማው «ነገስ የማን ማን ቤት ትገቢያለሽ?» አልኳት፣ ምሳ ላቆይልሽ የምል መስዬ። ምንም ሳትጠረጥር ነገረችኝ። ማንን ትጠርጥር፣ እናቷን?

በማግስቱ በጠዋት ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ወጣሁ። እርሾ አለቀብኝ እያልኩ በየቤቱ ገባሁ። ሁለት ቤት አዳርሼ እትዬ ብርቄ ጋ ደረስኩ፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ፣ ሰፈሩን በሳቅ የሚገድሉ ሴት ናቸው።

«እትዬ ብርቄ፣ ለሊሴ ዛሬ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች» አልኳቸው ድምፄን ቀንሼ።

«የምን ጥያቄ? ልጅቷ ሽማግሌ ልካ ነው እንዴ?»

«የምርጫ ነው። ማንን ይመርጣሉ ትልዎታለች። እባክዎን ገና አልወሰንኩም ይበሏት። ልጄ የሰው ምስጢር እንዳትሸከምብኝ።»

እትዬ ብርቄ ትንሽ አዩኝና «እሺ፣ ይኼ ምን ያስለምናል» አሉ። እርሾውን ሲያፈሱልኝ ሳህኔ ውስጥ ቀድሞ የነበረውን አዩ። «አንቺ፣ ይኼ ከማን ቤት ነው? ስንት ቡሃቃ ልታቦኪ ነው? ሠርግ አለብሽ?»

እንዲህ እያልኩ አዳረስኩት። ጋሼ ከማል ሱቅ ስገባማ እርሾ አይባልም፤ ክር ገዛሁ። ጋሼ ከማል አባታቸውም እዚያው መቱ ነጋዴ የነበሩ፣ ጨርቅና ቅመም የሚሸጡ ሰው ናቸው። ነገሩን ሳልጨርስላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። «የለሊሴ እናት፣ እኔን አንቺ ታስተምሪኛለሽ? ‹አኒ ሂን ቤኩ› ብዬ ነው ያደግኩት። አላውቅም ያለ ነጋዴ ሱቁ ተዘግቶ አያውቅም።»

ለሊሴ ያን ቀን ወደ ማታ ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። ጫማዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ የእኛ ሰፈር ሰው ምን ነክቶታል? አንድም የሚናገር የለም። ሁሉም አልወሰንኩም፣ አልወሰንኩም። አንዳንዱ ጥያቄውን እንኳ ሳልጨርስ!» አለች። እኔ ወጡን አማሰልኩ። «ሰው ገና አላሰበበትም ይሆናላ» አልኳት። ውስጤ ግን ዕፎይ ብሎ ነበር፤ ይኼን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ማታ በደስታ ነው የበላሁት።

ከዚያ ኖፓ ወሰዷት። ኖፓ ትንሽ ከተማ ናት፣ ግን የእኔ እርሾ እዚያ አልደረሰ! ሰዉ አፉ እስኪደርቅ አወራላት። አንዱ ገበሬ ስለ መንገዱ፣ አንዷ ሴት ስለ ማዳበሪያ፤ ማንን እንደሚመርጡም፣ ለምን ማንን እንደማይመርጡም። አልወሰንኩም ያለም ነበር፣ ግን እንደ ሰው፣ እዚህም እዚያም። ለሊሴ ተደስታ ተመለሰች፤ የዝናብ ልብሷ በቀይ ጭቃ ተለውሶ ነበር። ደስታዋ እስከ ማግስቱ አልቆየም። ሳምሶን የሁሉንም ልጆች ወረቀት አስተያይቶ አስጠራት። በሌላው ሰፈር ሰው ተናግሯል፣ በኖፓ ተናግሯል፣ በሶር ፏፏቴ በኩል ያሉት ገጠሮች እንኳ ተናግረዋል፤ የእኛ ሰፈር ብቻ ከላይ እስከ ታች አልወሰንኩም። አንዱ መስመር ከሌላው አይለይም። እንደዚህ ያለ ወረቀት፣ አላት፣ ብዙ ጊዜ የምናየው ጠያቂው በር ሳያንኳኳ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲሞላው ነው።

ለሊሴ ይኼን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ድምፅዋ ብቻ ቀጥኖ ነበር። «ሌባ ነሽ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «በእያንዳንዱ በር ቆሜያለሁ እማዬ። የእትዬ ብርቄ ውሻ ቀሚሴን ቀዶታል። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል፣ ስሜም አብሮ ይሄዳል። ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እዚያው፣ እሷ ፊት። የዝናብ ልብሷን አጥቤ አሰጣሁላት፣ ያን ብቻ ነው ያደረግኩት።

ጠዋት ለሊሴ ቀድማ ወጣች፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላዋ ሄድኩ። ሳምሶን ያረፈው ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ ባለው ሆቴል ነበር። እዚያ ሆቴል በር ላይ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ውስጥ ስለ ምርጫ የሚወራበት ክፍል አለ፣ ወረቀት አለ፣ እስክሪብቶ አለ፤ እኔ ደግሞ ወንድሜን አስባለሁ። በሦስተኛው የልጄ ድምፅ በመስኮት ተሰማኝ፤ «ማይ ካሉኝ እምላለሁ» ትላለች። ገባሁ።

ሳምሶን ስልክ ይዞ ከአንድ ሰው ጋር እያወራ ነበር። ለሊሴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ወንበር አሳየኝና ማውራቱን ቀጠለ። አልወሰንኩም ያሉትን ምን እናድርጋቸው ነው ክርክሩ። እዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው እንደየድርሻቸው ለሁሉም ወገን እናካፍላቸው ይላል መሰለኝ፤ ሳምሶን ደግሞ «አይሆንም፤ ከእነዚህ ውስጥ የፈራ አለ፣ ግድ የሌለው አለ፣ እውነት ያልወሰነም አለ። አንድ ላይ አይነበቡም» ይላል። እኔ እዚያ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ቅርጫ ታየኝ። በሬው ታርዶ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ ተደርጎ፣ ይኼ ለእገሌ፣ ይኼ ለእገሌ ሲባል። እትዬ ብርቄና ጋሼ ከማል በቅጠል ላይ ተመድበው፣ ዕጣ ሲወጣባቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ስልኩን ሲዘጋ «እናቴ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ።

«ልጄ አልዋሸችም» አልኩ። «ሁሉም ቤት ገብታለች። እኔ ነኝ። ቀድሜያት በየቤቱ እየሄድኩ አልወሰንኩም በሏት ብዬ የለመንኩ እኔ ነኝ።»

ለሊሴን አላየኋትም። ማየት አልቻልኩም። ከግድግዳው ቀና ስትል ብቻ ተሰማኝ።

ሳምሶን መነጽሩን አወለቀ። «ለምን?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ ገብቶት ነው።

«ፈርቼ።»

«ምንን?»

ምን ብዬ ልንገረው? «ዝም ብዬ» አልኩት። «እናት ነኝ።»

መነጽሩን መልሶ አድርጎ «እንግዲያው እርስዎ ባይነግሯቸው ኖሮ ሁሉም ይናገሩ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አልኩ፤ እርግጠኛ ነበርኩ። ጎረቤቶቼን አውቃቸዋለሁ ብዬ ነበር የማምነው። እሱም ወረቀቱ ሳይሄድ ሄደን እንያቸው አለና አብረን ወጣን፤ እኔ እየመራሁ፣ እሱ ቦርሳውን ይዞ፣ ለሊሴ ከኋላ፣ ካፊያው እየጣለብን።

እትዬ ብርቄ በራቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ቆመው አገኘናቸው። «እትዬ ብርቄ፣ ያልኩዎትን ይርሱት፣ የልብዎን ይንገሩት» አልኳቸው።

«ያልሽኝን?» አሉ እየሳቁ። «አንቺ ስላልሽኝ መሰለሽ? እውነቴን ነው ያልወሰንኩት! አንዱ መንገድ እሠራለሁ ይላል፣ አንዱ ውሃ አስገባለሁ ይላል፤ ሁለቱም እስካሁን በሬን አንኳኩተው ደህና አደርሽ አላሉኝም። እዚያው ሳጥኑ ጋ ስደርስ አየዋለሁ። ጻፈው ልጄ፣ ጻፈው፤ ብርቄ አልወሰነችም በል።»

አፈርኩ። ከዚያ ጋሼ ከማል ሱቅ ገባን። ሳምሶን ደንቡን ጠብቆ እኔን ውጭ አቆመኝና ለብቻቸው ጠየቃቸው፤ ሲወጣ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ዘንድሮ አልመርጥም ብለውት ኖሯል፣ በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ፤ ከሁሉም ወገን ደንበኛ አላቸው፣ አንዱንም ማጣት አይፈልጉም። ከዚያ በኋላ የገባንባቸው ቤቶች ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሆኑ። እኔን ከኃላፊው ጋር ሲያዩኝ ተገላበጡ። አንዷ ጎረቤቴ በመስኮት በኩል ወደ እኔ እያየች፣ በቅንድቤ ምልክት እንድሰጣት እየጠበቀች፣ የአንዱን ስም ጠራች፤ ወዲያው ደግሞ የሌላውን ጠራች። ሌላው አባወራ «አሁን የትኛውን እንድንል ነው የተፈለገው? ትናንት አትናገሩ፣ ዛሬ ተናገሩ፤ አንድ ነገር አለ ማለት ነው» ብሎ በሩን ዘጋው። ቀድሞ ያልፈራውንም አሁን አስፈራሁት። ከእነዚያ ሰዎች ማን የፈራ፣ ማን ግድ ያጣ፣ ማን እውነቱን ያላወቀ እንደነበረ ማንም ሊለየው አልቻለም። እስካሁንም አላውቅም። ሰዉ የነበረውን መልስ አንዴ ከአፉ ነጥቄዋለሁ፤ መልሼ ላስቀምጥለት ብል የት ተገኝቶ።

ሳምሶን መንገዱ ላይ ቆሞ ወረቀቶቹን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። «ለሊሴ፣ አልዋሸሽም፤ ይኼን በጽሑፍ እልካለሁ» አላት። «ይኼ ሰፈር ግን አይነበብም። ከጥናቱ እናወጣዋለን።» ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለሁለተኛው ዙር የሚያስቸግር መሆኑን፣ ጠያቂ በገዛ ሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር ከተነሳበት ሌላ ሰው መርጠው እንደሚልኩ ነገራት። አልወሰዷትም ማለት ነው። የሥራ ቦርሳዋን ተቀበላት። የዝናብ ልብሱን ያዢው አላት፤ እሷ ግን አውልቃ፣ አጣጥፋ ሰጠችው።

አሁን ለሊሴ በደሌ ናት፣ አግብታ ወልዳለች፣ እህል ንግድ ላይ ናት፣ ልጆቿ ስልክ ላይ «አያቴ» እያሉ ሲጮሁብኝ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ቢሮ ብትገባ ኖሮ ምን ትሆን ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ምናልባት ምንም። አሁንም ምርጫ በመጣ ቁጥር ሬዲዮው ሰው ይኼን ያህሉ እንዲህ፣ ይኼን ያህሉ ገና አልወሰነም ሲል፣ ያልወሰነው ጋ ሲደርስ እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ። ከእነሱ መካከል ስንቱ ቤት የጠያቂው እናት ቀድማ ገብታ ይሆን እላለሁ። ታናሽዬውን ደግሞ ስልኩ ላይ ምንም እንዳይጽፍ ስጨቀጭቀው እውላለሁ፤ አልተማርኩም ማለት ነው።

ያን ቀን ግን ከሳምሶን ተለይተን እኔና ለሊሴ ወደ ቤት ስንወርድ ነው የምነግራችሁ። ካፊያው አባርቷል። መንገዱ ላይ ከኛ በቀር ሰው አልነበረም። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ከዚያ ቆም አለችና፣ ልክ ስለ እራት እንደምትጠይቀኝ አድርጋ፣ «እማዬ፣ አንቺስ ማንን ልትመርጪ ነው?» አለችኝ።

ወረቀት አልያዘችም። ቦርሳ የላትም። የጠየቀችኝ ልጄ ናት፣ ዓይኗ ውስጥ ተንኮል የለም፤ ማወቅ ፈልጋ ብቻ ነው፤ ምናልባትም እንድክሳት አንድ በር ልትከፍትልኝ። እኔ ደግሞ ወስኜ ነበር። ልብስ ሳጥብ፣ ጎመን ስቀነጥስ አስቤበት፣ ከጨረስኩ ሰንብቻለሁ። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም። ወደ አጥሩ አየሁ፤ ማንም የለም።

«ገና አልወሰንኩም» አልኳት።

ለሊሴ በየሰው ቤት ጠይቃ ስትጨርስ፣ ለማታውቃቸው ሴቶች በር ላይ ቆማ እንደምትለው አድርጋ፣ በትሕትና፣ «እሺ እናቴ፣ ስለ ሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን» አለችኝና ቀድማኝ ቁልቁል ወረደች።